ከሦስተኛው ቅምቡላ በፊት

ኮረብታው ካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ስም ያወጣንለት እኛ ነን። ከታች ሆኖ ላየው ሰው፣ አንድ ሽማግሌ የወደቀበትን ነገር ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ መቃናት ያቃተው ይመስል ነበር። «ጎባጣው» አልነው። መጀመሪያ ያለው ሽፈራው ነው፤ እየሳቀ ነው ያለው። እኛም ሳቅን።

ግርማ እባላለሁ። ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ፀሐይ ልሞቅ ታች ስወርድ የሰፈሩ ልጆች ይከቡኝና «ጋሽ ግርማ፣ ስለ ጦር ሜዳ ይንገሩን እስቲ» ይሉኛል። መስማት የሚፈልጉት ስንት ታንክ እንደማረክን ነው። እኔ ታንክ አልማረክኩም። ሞርታር ተሸካሚ ነበርኩ፤ ይኸው ነው። ዝም ስላቸው ጊዜ «እሺ፣ ሲመችዎት ይቅዱልን» ብለው ስልኬ ላይ ድምፅ መቅጃውን አሳዩኝ። ዛሬ ተመቸኝ። ተመቸኝ እንኳ አይባልም። ጉርድ ሾላ፣ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ልጄ ሜሮን ውስጥ ናት፤ ወገቧን እየታየች ነው። ዝም ብዬ ብቀመጥ ልቤ ሊወጣ ነው፤ ስለዚህ ላውራ።

የማወራችሁ ስለ አንድ ሰው ተረከዝ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። የሰው ተረከዝ ምን ይወራለታል? ግን ሁለት ጓደኞቼን ያጣሁት ከዚያ ተረከዝ በተነሳ ነገር ነው።

የመነሻው ትእዛዝ የደረሰን ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የመቶ አለቃ ደጀኔ አሰለፈን። አጭር ሰው ነበር፤ ንግግሩም እንደ ቁመቱ። «ከወንዙ ማዶ ያለውን ኮረብታ እንይዛለን። ከያዝን አንለቅም። የታመመ ካለ አሁኑኑ ይናገር።» ማንም አልተናገረም። ሰልፍ ላይ ታምሜያለሁ ማለት ፈርቻለሁ ማለት ነበርና።

ሞርታር ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሦስት ቦታ ተፈታትቶ በሦስት ሰው ጀርባ የሚጓዝ መሣሪያ ነው። ቱቦውን እኔ እሸከማለሁ። የሚቆምበትን እግር ሁሴን ይሸከማል። መሬት ላይ የሚደላደልበትን ከባድ ብረት ደግሞ ሽፈራው። ከሦስቱ ክፉው የእሱ ነው። ሽፈራው ግን ከሁላችንም ግዙፍ ስለነበር ማንም «ላግዝህ» ብሎት አያውቅም። እሱም አግዙኝ ብሎ አያውቅም። ሁሴን የወልቂጤ አካባቢ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ሰላቱን የማያስታጉል።

የሽፈራው አገር ደግሞ እዚሁ ነው። ዛሬ ሲኤምሲ የምትሉት፣ ቪላ የተደረደረበት ቦታ፣ ያኔ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። ቤታቸው ኦሮምኛ ነው የሚወራው፤ እኔን «ኦቦሌሳ» ይለኛል፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። ዘፈን ይወዳል፤ ድምፁ ግን አይጣል ነው! ዳገት ላይ ብረቱን ተሸክሞ ሲዘፍን ሁሴን ይለምነዋል።

«በአላህ ይዤሃለሁ፣ ዝም በል። ጠላት ይሰማሃል።»

«ይስማ! ሰምቶ ካልሸሸ ምኑን ጠላት ሆነ?»

በጉዞው በሁለተኛው ቀን መሰለኝ ዘፈኑ ቀረ። ዞር ብዬ ሳየው በቀኝ እግሩ ጣቶች ብቻ ነው የሚረግጠው። ተረከዙ መሬት አይነካም።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ብርድ ነው ኦቦሌሳ። ጫማዬ ረጥቦ ስላደረ ነው።»

ብርድ ነው። እዚች ላይ ቆም በሉልኝ። እናንተም ትሏታላችሁ፤ እኔም ስላት ኖሬያለሁ። አንገታችን አልዞር ሲል ብርድ ነው፣ ጎናችንን ሲወጋን ብርድ ነው፣ ሆዳችን ሲነፋ ብርድ ነው። ከመገናኛ ገርጂ በምትመጣ ሚኒባስ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ አንድ መስኮት ከፍታችሁ እዩ፤ ከኋላ ያለው ሁሉ «ዝጉት እንጂ፣ ልታስመቱን ነው እንዴ!» ይላል። በላብ እየተጠመቅን እንዘጋዋለን። «ብርድ ነው» ያለ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠየቅም። እግዜር ይማርህ ይባላል፣ ያልፋል። እኔም ሽፈራውን ሌላ አልጠየቅኩትም፤ ጫማው እውነትም እርጥብ ነበር።

ኮረብታውን የያዝነው ንጋት ላይ ነው። ተኮስን። ወጣን። ከሌላኛው ሞርታር ሁለት ልጆች ወደቁ። ስማቸውን አልረሳሁም፤ ግን የቤተሰቦቻቸው ነው፣ እዚህ አላወጣውም። ቀበርናቸው። ረፋድ ላይ ምሽግ መቆፈር ጀመርን።

ከዚያ የጠላት ተራ ሆነ። ከማዶ ካለው ሸንተረር በሞርታር ይደበድቡን ጀመር። የሞርታርን አተኳኮስ አሁን ልንገራችሁ፤ ይሄ ካልገባችሁ የቀረው ወሬዬ አይገባችሁም። የመጀመሪያው ቅምቡላ ብዙ ጊዜ አይመታም፤ አልፎ ይወድቃል። ተኳሹ በመነጽር ያየውና ያሳጥራል። ሁለተኛው ሳይደርስ ይወድቃል። አሁን አንዱ ከኋላችሁ፣ አንዱ ከፊታችሁ ሆነ ማለት ነው። አላዋቂ ሰው «ሳቱን!» ብሎ ይፈነድቃል። ሞርታረኛ ግን የሚደነግጠው ያኔ ነው። ሦስተኛው መሃል ላይ ነዋ! በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለችው ጊዜ ከኮዳ አንድ ጉንጭ ውሃ ለመጠጣት ብትበቃ ነው። በዚያች ጊዜ ቦታውን የለቀቀ ይተርፋል። ሁልጊዜ ሦስተኛው ይመታል ማለቴ አይደለም። ንፋስ ይወስደዋል፣ ተኳሹ ይሳሳታል፣ ጭራሽ ሳይተኮስም የሚቀርበት ቀን አለ። ግን በዚያ ተማምኖ የሚቀመጥ ሞርታረኛ አላየሁም።

ይሄን ነገር በማወቅ ሽፈራውን የሚያህል አልነበረም። ሁለተኛው ሲወድቅ ያ አይጣል የሆነ ድምፁ ከኮረብታው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። «ሁለት!» ይላል። «ሁለት ነው፣ ተነሱ!» እንደ ሚዳቋ ተነስተን ወደ ጎን እንፈተለካለን። ሦስተኛው ባዶ ምሽግ ይመታል። የመቶ አለቃ ደጀኔ አንድ ቀን «የዚህ ልጅ ጉሮሮ ከሞርታሩ ይበልጥብኛል» ብሎ ነበር። ስንት ሰው እንዳተረፈ አልቆጠርነውም፤ የተረፈ ሰው ማን ይቆጥራል?

ተረከዙ ግን አልተሻለውም። ቀኝ እግሩን ላለመርገጥ ክብደቱን ሁሉ በግራ ይጥላል። ቁጭ ሲል አንድ ወገን፣ ሲቆም አንድ ወገን። ብረቱን የሚያንጠለጥልበትን ገመድም ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ አዛወረው። ትንሽ ቆይቶ ግራ ትከሻው ተነሳበት። እንዴት አወቅኩ? ኮቾሮ፣ ያ እንደ ድንጋይ የደረቀ የወታደር ብስኩት፣ ስወረውርለት በግራ እጁ ነበር የሚቀልበው፤ ግራኝ ነው። አንድ ቀን በቀኙ ሊቀልብ ሞክሮ ሳተው።

«ትከሻህ ደግሞ ምን ሆነ?»

«አልኩህ እኮ፣ ብርድ ነው። ምሽጉ እርጥብ ነው።»

ሁሴን ሳቀበት። «ይሄ ብርድ አንተን ብቻ ምን ብሎ ለይቶ ያዘህ? እኛስ የተኛነው እሳት ዳር ነው?»

ሽፈራው አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ደስ ያላለኝ። ሽፈራው በሌላ ሰው ቀልድ ባይስቅ እንኳ በራሱ ይስቅ ነበር። አሁን ቀልዱ አለቀ። እንቅልፍ የለውም፤ ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ደም ለብሶ ይነሳል። ትንሽ ነገር ያስቆጣዋል። የሻምበሉ ሐኪም ምሽግ ለምሽግ እየዞረ «ያመመው አለ?» ሲል፣ «ትንሽ ብርድ ነው፣ ደህና ነኝ» አለው። ሐኪሙም ሰው ነው፤ የቆሰለ እያለ ብርድ የመታውን ምን ሊያደርገው ነው? ቅባት ሰጠውና አለፈ።

አንድ ጠዋት ከምሽጉ ሲወጣ ወገቡን በነጠላ አስሮ አየሁት። እናቱ በሰው የላኩለት ነጠላ ናት።

«ወገብህንም አመመህ እንዴ?»

«አላመመኝም። እንዳያመኝ ነው።»

እንዳያመኝ። ይቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ለምን እንደሆነ ግን ያኔ ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር። ከታች ተረከዙ፣ ከላይ ትከሻው። መሃሉ ላይ ነጠላ ታስሯል። ሽፈራው የጠላት ሞርታር ሲሆን «ሁለት!» ይል የለ? በገዛ ገላው ላይ ሁለት ወድቆ እሱ ዝም አለ።

የማፈግፈጉ ትእዛዝ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ከያዝን አንለቅም የተባለው ኮረብታ ይለቀቅ ተባለ። የመቶ አለቃ ደጀኔ ፊቱ አመድ መስሏል። «እንወርዳለን» አለ። «ከባድ መሣሪያ ይቅደም። ቶሎ!»

ሞርታሩን ፈታን። እኔ ቱቦውን ተሸከምኩ፣ ሁሴን እግሩን። ሽፈራው ጎንበስ ብሎ ብረቱን ጨበጠ። ክንድ ያህል አነሳው። ከዚያ ቀጥ አለ። አልጮኸም። ብረቱ ከእጁ አምልጦ ወደቀ፣ እሱ ግን እንደጎነበሰ ቀረ። መቃናት አልቻለም፤ መቀመጥም አልቻለም። ሁለት እጁ ጉልበቶቹን ይዟል፣ ፊቱ መሬት መሬት ያያል፣ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። የኮረብታውን ስም ያን ጊዜ ጠላሁት።

«ሽፌ! ቀና በል እንጂ!»

«እሺ፣ እሺ ኦቦሌሳ። ብርድ ነው። አሁን ይለቀኛል።»

የመጀመሪያው ከኋላችን ወደቀ። አፈር ዘነበብን።

ሁሴን የተሸከመውን ጥሎ ሽፈራውን በብብቱ ገባለት። እኔም በሌላው ጎን ገባሁ። አንድ እርምጃ ልናራምደው ስንል ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት እግሩ ከተቆረጠ ሰው እንኳ አልሰማሁም። ያን የሚያህል ሰው ሁለት ሰው እንዴት ተሸክሞ ይሮጣል? የመቶ አለቃ ከታች አየንና «ግርማ! ቃሬዛ! ናና ቃሬዛ ውሰድ!» ብሎ ተጣራ። ቁልቁል ሮጥኩ።

ሁለተኛው ከፊት፣ ከዳገቱ አፍ ላይ ወደቀ።

ከጀርባዬ ድምፅ ሰማሁ። የሽፈራው ነው። «ሁለት!» ይላል። «ሁሴን፣ ሁለት ነው! ልቀቀኝና ሂድ! ልቀቀኝ አልኩህ!»

ሁሴን አልለቀቀውም። ዞር ብዬ አይቻለሁ፤ አልለቀቀውም። የቃሬዛው እንጨት እጄ ገባ። ሦስተኛው ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም። ቃሬዛውን ይዤ ወጣሁ። ቃሬዛ አላስፈለገም።

ኮረብታው ግርጌ ስንደርስ የመቶ አለቃ ደጀኔ ቆጠረን። መጀመሪያ ቀን የቀበርናቸውንም ጨምሮ «አራት» አለ። «አራት ልጅ።» ፊቱን ወደ ኮረብታው አዙሮ ቆመ።

ከዘመቻ ስመለስ የሽፈራውን እናት ፈልጌ ሄድኩ። ከጉርድ ሾላ ወዲያ ያኔ አስፋልት የለም፤ በማሳ መሃል በእግር ነው። መርዶውን ሰምተዋል። የፈለጉት እንዴት እንደሞተ ነው። በቁና ይሰፍሩት የነበረውን እህል ትተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ልጄ እኮ ጉልበታም ነበር» አሉኝ። «ሁላችሁ ስትወርዱ እሱ እንዴት ቀረ?»

እንደሆነው ነገርኳቸው። «ወገቡን ያዘው እማማ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።»

«ወገቤን!» አሉ። ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ወደ ኋላ እያሉ፣ «ወገቤን! ወገቤን!»

ይሄ ሴቶቻችን ብርጭቆ ሲሰበርም የሚሉት ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ቃሉን በደንብ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። ዛሬም ታክሲ ውስጥ አንዷ ስልክ እያወራች «ወገቤን! ምን አልሽኝ?» ስትል ዞር ብዬ አያለሁ።

ሲረጋጉ ስለ ተረከዙ ጠየቅኳቸው። ጫማው ረጥቦ ብርድ መትቶት እንደነበር ነገርኳቸው።

«ምን ብርድ አለ?» አሉኝ። «ልጅ ሆኖ በሬ ረግጦት ነው። ድንጋይ የመሰለ ደረቅ መሬት ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ እንኳ ያመው ነበር። አይናገርም እንጂ ያመዋል። አባቱም እንደሱ ነው። ምን ሆንክ ስትለው ቆራ ነው ይልሃል።» ቆራ በኦሮምኛ ብርድ ነው።

ይኸው ነው የሽፈራው ነገር። አሁን ወደ ልጄ ልምጣ።

ሜሮን አንድ ልጄ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ነን። ቦሌ፣ አንድ ፎቅ ላይ ቢሮ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትመጣለች። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ጀሪካን ይዛ ስትወጣ «ተይው፣ እኔ አለሁ» ስላት «አርፈህ ተቀመጥ አባዬ፣ አንተ ጡረተኛ ነህ» ትለኛለች። እኔ ከሽፈራው ወዲህ የሰው አረማመድ የማዳመጥ ዐመል አለብኝ። ደረጃው ላይ የሁሉንም ጎረቤት እርምጃ ለይቼ አውቃለሁ። የሜሮን ጠካ ጠካ ነው፣ እኩል ነው።

ባለፈው ክረምት ጠካ፣ ዝም፣ ጠካ፣ ዝም ሆነ። በሩን ከፍቼ ጠበቅኳት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጉልበቴን ነው። ብርድ ነው አባዬ፣ ትናንት መስኮቱን ከፍቼ ነው የተኛሁት።»

በስመአብ! ጠጉሬ ቆመ። ግን ምን እላለሁ? ጉልበት ያመመው ሰው ስንት አለ! ሰፈሩ ሙሉ ጉልበቱን ያመዋል። አለፍኩት፤ ጆሮዬ ግን ከደረጃው አልተነሳም።

ከወራት በኋላ አንገቷና ትከሻዋ ተነሳባት። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ቀርቅራ ነው የምትሠራው። ሻይ ስሰጣት በቀኝ እጇ ዘርግታ መቀበል አቃታት፤ በግራዋ ተቀበለችኝ። ያቺ ኮቾሮ ዓይኔ ላይ መጣች።

«ስትረስ ነው» አለችኝ። «ዴድላይን አለብን። ትንሽ ብርድም አለበት።»

በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀውን የጎባጣውን ነገር ያን ቀን ነገርኳት። ተረከዙን፣ ትከሻውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ ግን ሳቀች፤ ልታሳርፈኝ ብላ ነው።

«አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ እኔ ላይ ማነው የሚተኩሰው?»

እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ እዚህ ክሊኒክ መጣሁ። የምታከመው ነገር ኖሮኝ አይደለም፤ ልጠይቅ ነው። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ደግ ልጅ። አሞኝ መስሎት አልጋ ላይ ሊያስተኛኝ ሲል «ቆይ ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለወሬ ነው» አልኩት። ሳቀና ወንበር ሰጠኝ። የልጄን ጉልበትና ትከሻ ነገርኩት። የሽፈራውንም ነገርኩት።

«ጉልበቱን ያመመው ሁሉ ወገቡን ይታመማል አልልዎትም» አለኝ። «ግን እውነትዎን ነው፤ ሌላ ቦታው ላይ የከረመ ሕመም ያለበት ሰው፣ ከሌለበት ሰው ይልቅ ወገቡም የመታመም ዕድሉ ይበልጣል። ሕመሙ ሁለት ሦስት ቦታ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያሳስበናል።»

«ለምንድነው?»

«ሙሉ ለሙሉ አይታወቅም። አንዳንዱ አረማመዱ ይለወጥና ጭነቱ ወደ ወገብ ይሄዳል። አንዳንዱ እንቅልፍ ያጣል፣ እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ ይጨነቃል፤ ያ ራሱ ሕመም ያባብሳል። የነርቭ ሥርዓታችንም ሕመም ሲለምድ ትንሹን ነገር ያጋንነዋል። ብዙ ጊዜ ሁሉም ተደራርቦ ነው።»

«ወገብን ማሰርስ?»

«ለጊዜው ይደግፍ ይሆናል። ግን አስሮ ዝም ማለት ነው ችግሩ። ጉልበቷንና ትከሻዋን አሁን ብናየው፣ እንቅስቃሴ ብናስጀምራት ይሻላል። ወገቧ እስኪይዛት ለምን እንጠብቃለን? ይዘዋት ይምጡ።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ልጁ ያለኝ ነገር ከሞርታር አተኳኮስ አይለይም፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ተነሱ ነው ያለኝ። ለሜሮን ነገርኳት። «እሺ» አለች። «ይሄ ፕሮጀክት ይለቅና።» ፕሮጀክቱ አለቀ፣ ሌላ ተተካ። እንደገና ነገርኳት። «እሺ አልኩ እኮ አባዬ፣ አትነዝንዘኝ።» አንዴ ተኮራረፍንም። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ በኩርፊያ እናቷን ናት። እኔ ግን በየጠዋቱ ዓይኗን አያለሁ፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይን አውቃለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ሄዳ የምትጫወተውን ተወች። የምታንጎራጉረውን ተወች። ደረጃው ላይ ጠካ፣ ዝም፣ ጠካ፣ ዝም።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻይ እየጠጣሁ ከክፍሏ ወጣች። ለሥራ ለብሳለች። ከጃኬቷ ስር የእናቷን ነጠላ ወገቧ ላይ ጠምጥማለች። በአንድ እጇ የበሩን መቃን ይዛለች። ቀና አላለችም፤ ጨርሳም አልጎነበሰችም። መሃል ላይ ናት።

ስኒውን አስቀመጥኩ። የቅምቡላ ድምፅ ከጆሮዬ ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው፤ ተመልሶ መጣ።

«አመመሽ?» አልኳት።

«ብር…» አለች።

ቃሉን ዋጠችው። አየችኝ። እኔም አየኋት። የዚያን ጊዜ ሁለታችንም ስለ አንድ ሰው ነው የምናስበው። ሽፈራውን አይታው አታውቅም፤ ግን ስለ እሱ ነው የምታስበው።

«ብርድ አይደለም፣ አባዬ» አለች። እንባዋ መጣ። «ወገቤን ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ነው። ፈርቻለሁ።»

ጫማዬን አጠለቅኩ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድን እኛ እናውቃለን። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ አየንና ከፊት አስቀመጠን። አንድ ሽማግሌ መስኮቱ ትንሽ ተከፍቶ ስላዩ «እባካችሁ ዝጉት፣ ብርድ ልጅቷን ይመታታል» አሉ። ለእሷ አዝነው ነው፤ ደግ ሰው ናቸው። ሜሮን እጄን ጨበጥ አደረገችና «ይከፈት፣ አየር ይግባ» አለች። ረዳቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

ጎባጣው ላይ የሞቱብን አራት ናቸው። ሁለቱ ስንወጣ፣ ሁለቱ ስንወርድ። ሰው ሲጠይቀኝ አራቱንም ቅምቡላ ገደላቸው እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ብቻዬን ስቀመጥ ግን የሽፈራውንና የሁሴንን ለብቻ እቆጥራቸዋለሁ። ሽፈራው ለሁላችን «ሁለት!» ብሎ ጮኾልናል። መጨረሻውም ላይ የጮኸው ለሁሴን ነው። ስለ ራሱ ግን አንድ ቀን አፉን ከፍቶ «አመመኝ» ቢል ኖሮ፣ ያን ብረት ሌላ ሰው ባነሳው ነበር። ይድን ነበር አልልም፤ ጦርነት ነው፣ ማን ያውቃል። ሁሴን ግን በዚያች ሰዓት እዚያች ቦታ ላይ አይቆምም ነበር። ልጆች፣ ከጦር ሜዳ የማውቀው ይሄንኑ ነው። ታንክ የለበትም።

ሦስተኛው ወድቆብን ይሁን ወይ ገና አየር ላይ ይሁን እኔ አላውቅም። ያ ወጣት ባለሙያ ያውቀው ይሆናል። ሲያስገባት «እዚሁ ይጠብቁኝ አባት፣ ብዙ አንቆይም» ብሎኝ ነበር፤ ቆዩ። ፀሐይዋ ከወንበሩ ላይ ሄዳለች።

በሩ ተከፈተ። እሷ ናት፣ ኮሪደሩ ላይ ናት፤ ከዚህ ሆኜ አትታየኝም። የአንዱ ተረከዟ ድምፅ ተሰማኝ። ሁለተኛውን እያዳመጥኩ ነው።